የጋራ የተባለ ነገር

ልደታ ኮንዶሚኒየም ቡና ሲፈላ ሽታው በር አያንኳኳም፤ ኮሪደሩን ይዞ ይወርዳል። ሽታው የጋራ ነው። ደረጃውም የጋራ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንዲያ ይላል። ታዲያ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ማን ይቀይረው? ሁሉም በሩን ዘግቶ «ኮሚቴው ምን ይሠራል?» ይላል።

የጋራ ማለት የማንም ማለት የሆነው ግን በእኛ ፎቅ ብቻ አይደለም። ቡናው ራሱ አገሩ ከፋ፣ ሸካ፣ ያዩ ነው፤ ዝናብ በማይለየው ደን ውስጥ ዛሬም ዘርቶ የተከለው ሳይኖር ይበቅላል። በከፋ ድሮ «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ቤተሰቡ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡና የሚለቅምበት የታወቀ የደን ድርሻ ነበረው። ድርሻው ስለሆነ ይጠብቀዋል። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ለጭሰኛው ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ለደኑ ግን ባለቤቱ በዛና ጠባቂው ጠፋ። በ1977 ከድርቅ የተረፈው ሰፋሪ መጣ፤ የሻይ እርሻም መጣ። ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ለደኑ የሚሟገት ግን አልነበረም።

ቡናም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። ጥላ ስለሚወድ ገበሬው ትልልቁን ዛፍ ይተዋል። ምርት እንዲጨምር ደግሞ ጥላውን ያሳሳል፣ ችግኙን በየዓመቱ ይመነጥራል። ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፤ ሲጠጉት ልጆቹ ያለቁበት፣ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር።

ከዚያ ዩኔስኮ ከፋንና ያዩን በ2002፣ ሸካን በ2004 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። እሰየው! ግን ባለቤቱ አሁንም በዛ፤ ዓለም ሁሉ ተጨመረ። እኛ ከተሜዎች ስኒያችንን ይዘን «ደን አትቁረጡ» እንላለን። ገበሬው ልጁን በምን ያስተምር? ይህን ሳይመልሱ መምከር «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ነው።

መብት የሌለው ሰው ቢበዛ ዘበኛ ይሆናል፤ ባለቤት ግን አይሆንም። የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን የሚጠብቅበት፣ ከማሩና ከቡናው የሚጠቀምበት አሠራር ተጀምሯል፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብን ደን አውቆታል። መንገዱ ይህ ይመስለኛል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ጠብቁልን የምንል ሁሉ ከመጠበቂያው ዋጋ እንካፈል፤ ለደን ቡና የሚገባውን መክፈል አንዱ ነው። ይህን ካላደረግን «የጋራችን» የሚለውን ቃል ትተን «የእነሱ ዕዳ» ብንል ይሻላል። ቢያንስ እውነቱን ተናገርን ይባላል።