ማንም ያልተጫረተበት ሒሳብ

አንድ ሰው ለብሶ የተወውን ሸሚዝ በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ለሁለት ተከፍሎ ይቀርብለታል። አንደኛው የሸሚዙ ዋጋ ነው፤ ይህን ተጫራቾች እየተፎካከሩ ያወጡታል። ሁለተኛው የፖስታ መላኪያ ነው፤ ይህን ብዙ ጊዜ ሻጩ ብቻውን ይጽፈዋል። እንግሊዝ አገር ተቀምጦ ልብሱን በእንዲህ ያለ ጨረታ የሚሸጥ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ እጁ ይዘገያል። ፖስታ ቤት 3 ፓውንድ የሚጠይቀኝን 5 ብዬ ብጽፍስ? ድምሩ ለገዢው እስከታየ ድረስ ማንን በደልሁ?

ነገሩ የሁለት ፓውንድ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጥንት ሊቃውንት ስለ ትክክለኛ ዋጋ ያነሡት ክርክር ዛሬ በየሰዉ ጓዳ የገባው በዚህ በኩል ነው። ነጋዴ ያልሆነ ሰው፣ ቁም ሣጥኗን ያራገፈች እናት፣ የቤት ኪራይ ያጠረው ተማሪ፣ ዋጋ ተማኝ ሆነው የሚቀመጡት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በቅጡ ሊመረመር ይገባል።

በቅድሚያ ለሻጩ የሚቆመውን ክርክር እንስማ፤ ደካማ አይደለም። የመላኪያው ሒሳብ ከዋጋው ሥር በግልጽ ተጽፏል። ማንም ተጫረት ተብሎ አልተገደደም። ኢቤይ በተባለው የጨረታ ድረ ገጽ ተጫራቹ ሊከፍል የሚፈቅደውን የመጨረሻ ጣሪያ አስቀድሞ ያስገባል፤ ሥርዓቱም ከተፎካካሪው ጥቂት ከፍ እያደረገ እስከዚያ ጣሪያ ድረስ ይጫረትለታል። ሸሚዙን ቤቱ እስኪደርስለት ድረስ በጠቅላላው 12 ፓውንድ የገመተው አስተዋይ ሰው፣ መላኪያው 3 ከሆነ ጣሪያውን 9 ያደርጋል፤ 5 ከሆነ 7 ያደርጋል። ሻጩ በአንድ እጁ የጨመረውን በሌላው ያጣል። የተጎዳ የለም፤ የተታለለም የለም።

ይህ እውነት ከሆነ ግን አንድ ነገር ይቀራል፦ ሻጩ 5 ብሎ መጻፉ ምን ይጠቅመዋል? ተጫራቾች ሁሉ መላኪያውን ቀንሰው የሚጫረቱ ከሆነ ጭማሪው ከንቱ ልፋት ነው። የሚጠቅመው ከሆነ ደግሞ የሚጠቅመው ባልቀነሱት ሰዎች በኩል ብቻ ነው። ከሁለት አንዱ ነው። ትርፉ ያለው ሌላው ሰው ልብ ሳይል ባለፈበት ቦታ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ነው ጭማሪውን እዚያ የሚያስቀምጠው።

ልብ የማይሉ ሰዎች መኖራቸው ግምት አይደለም። ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የሙዚቃ ሲዲዎችንና የቪዲዮ ጌሞችን በኢቤይ ሸጠው ፈትነውታል። አንዱን ዕቃ በ4 ዶላር መነሻ ዋጋ ያለ መላኪያ አወጡት፤ ያንኑ ዓይነት ዕቃ ደግሞ በ1 ሳንቲም መነሻ ዋጋና በ3.99 ዶላር መላኪያ አወጡት። ለገዢው ሁለቱም እኩል ናቸው። ሁለተኛው ግን ብዙ ተጫራች ሳበ፣ ጨረታውም ቀድሞ ተጀመረ፣ በመጨረሻም በድምሩ የበለጠ ገንዘብ አስገኘ። መላኪያው ከልክ ሲያልፍ ጥቅሙ አልዘለቀም፤ ሰው ከአንድ ደረጃ በኋላ ይነቃል ማለት ነው። እስኪነቃ ድረስ ያለው ክፍተት ግን ለሻጩ እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ክፍተት የማን ነው የሚል ይሆናል። የሥነ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ዕቃን ከሚገባው በላይ መሸጥ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ሲመረምር ዛሬም የሚያገለግል ልዩነት አስቀምጧል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የሚደርስበትን ጉዳት በዋጋው ላይ ሊያስብ ይችላል፤ ከገዢው ሁኔታ የሚመነጨውን ጥቅም ግን ሊሸጠው አይችልም፤ የእሱ አይደለምና። በእኛ ጉዳይ ላይ ብናውለው ፍርዱ ግልጽ ነው። ፖስታው፣ እስኮቹ፣ የፖስታ ቤቱ ሒሳብ ከሻጩ ኪስ የሚወጡ ናቸው፤ ያስከፍላቸው። ከሥራ ደክሞ ገብቶ ስልኩ ላይ ዋጋ ብቻ አይቶ የተጫረተ ሰው ድካም ግን የሻጩ ንብረት አይደለም።

ሻጩ ሌላ ምክንያት ያቀርብ ይሆናል። በ99 ፔኒ ያስጀመርሁት ጃኬት አንድ ሰው ብቻ ከተጫረተበት በ99 ፔኒ ይሄዳል፤ መላኪያውን ከፍ ያደረግሁት ቢያንስ የሆነ ነገር እጄ እንዲቀር ነው ይላል። ስጋቱ እውነት ነው። ደኅና ሱፍ ካፖርት ለጥቂት ሳንቲም አሳልፎ መስጠት ያናድዳል። ለዚህ ስጋት ግን ጨረታው ራሱ መድኃኒት አለው፦ መነሻ ዋጋ። ከ8 ፓውንድ በታች አልሸጥም የሚል ሰው በ8 ያስጀምር። ተጫራች ይቀንስበት ይሆናል፤ የእነሆሴን ፈተናም ይህንኑ ያሳያል። እውነት ተናጋሪው ሻጭ ጥቂት ገንዘብ እንደሚያጣ አልክድም። ያም ሆኖ ስጋቱን በስሙ ጠርቶ በቦታው ማስቀመጡ ግዴታው ነው።

እኔ ዋናው ነገር የምለው እዚህ ላይ ነው። የጨረታ ዋጋ ፍትሐዊነቱን የሚያገኘው ከተጫራቾች ነው። አንድ የለበሱት ጂንስ ስንት ያወጣል ቢባል ማንም በእርግጠኝነት አይመልስም፤ የሚፈልጉት ሰዎች ተሰብስበው እስከዚህ እንከፍላለን ሲሉ ግን ዋጋው ከሻጩ ስስትም ከገዢው ንፍገትም ነጻ ይሆናል። ከድምሩ ውስጥ ማንም ያልተጫረተበት አንድ ቁጥር መላኪያው ነው። ስለዚህ ፍትሐዊነቱን ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ያ ቦታ ፖስታ ቤት በይፋ ያወጣው ታሪፍ ነው።

ታሪፉ ይህን አደራ ለመሸከም የበቃው በትግል ነው። በብሪታንያ ከ1840 በፊት የደብዳቤ ዋጋ በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይሰላ ነበር፤ በአብዛኛው የሚከፍለውም ተቀባዩ ነበር። የፖስታ ሥርዓት ለውጥ አራማጁ ሮውላንድ ሂል በ1837 ባወጣው ጽሑፍ ደብዳቤን ከከተማ ከተማ የማመላለሱ ወጪ እጅግ ትንሽ እንደሆነ አስልቶ አሳየ። በጃንዋሪ 1840 ላኪው አስቀድሞ የሚከፍለው፣ ለአገሩ ሁሉ አንድ የሆነ የ1 ፔኒ ታሪፍ ተጀመረ፤ በሜይ ቴምብሩ ተከተለ። የመላኪያ ዋጋ ከእውነተኛ ወጪ ይነሣ፣ አስቀድሞም ይታወቅ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ የሁሉም ነው።

ታሪፉን ማክበር ደግሞ ሥራ አለው። የብሪታንያው ፖስታ ድርጅት ሮያል ሜይል ከ2006 ጀምሮ ከክብደት በተጨማሪ መጠንን ይለካል። ትልቅ ደብዳቤ ተብሎ ለመሄድ ዕቃው ከ35.3 በ25 ሳንቲ ሜትር፣ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና ከ750 ግራም ማለፍ የለበትም። የጥጥ ሸሚዝ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጥፈው፣ አንገቱ እንዳይቆለል አስተኝተው፣ አየሩን በመዳፍ ገፍተው ካስወጡለት በዚያ ውፍረት መለኪያ ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ቁልፎቹ አንድ ላይ ከተደራረቡ ግን ይያዛል፤ ይፈታና እንደገና ይታጠፋል። የሱፍ ሹራብ ቢያጥፉት ቢያጥፉት አያልፍም፤ በጥቅል ዋጋ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳይሞክር ለሁሉም ልብስ የጥቅል ዋጋ የሚጽፍ ሻጭ ለስንፍናው ገዢውን ያስከፍለዋል። አሳንሶ የሚገምትም ገዢውን አያድነውም፦ የተለጠፈው ክፍያ ካልበቃ ፖስታ ቤቱ ዕቃውን ይዞ ቀሪውን ከነቅጣቱ ከተቀባዩ ይጠይቃል።

ሐቁን የሚያወጣው ፈተና አንድ ገዢ ከአንድ ሻጭ ሦስት ሸሚዝ ሲያሸንፍ ነው። ሦስቱም በአንድ ጥቅል ይሄዳሉ። ሻጩ መላኪያውን ሦስት ጊዜ ከተቀበለ የተቀበለው የመላኪያ ዋጋ አልነበረም። በእኔ ፍርድ የአንዱን ጥቅል ሒሳብ ወስዶ ቀሪውን ይመልስ፤ ገዢው እስኪጠይቀውም አይጠብቅ።

ገበያው ራሱም ወደዚህ ፍርድ ተገፍቷል። ኢቤይ በአሜሪካ እስከ 2011 ኮሚሽን የሚወስደው ከዕቃው ዋጋ ብቻ ስለነበር በ1 ሳንቲም ተሸጦ በመላኪያ ስም የሚከፈል ልብስ በዝቶ ነበር። በ2007 ገዢዎች የመላኪያውን ዋጋ ለይተው በኮከብ እንዲመዝኑ ተደረገ፤ በ2011 ኮሚሽኑ በመላኪያውም ላይ ተጣለ። ይህ ሐቀኛውንም ሻጭ ነክቷል፤ በመላኪያው ላይ የሚቆረጥበትን ኮሚሽን ቢጨምር አልቃወመውም፤ ከኪሱ የሚወጣ ነውና። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያም ከነጋዴ በርቀት የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ የመደበኛ መላኪያው ገንዘብ ጭምር እንዲመለስለት ያዛል። ቁም ሣጥኑን የሚያራግፈው ግለሰብ በዚህ ሕግ አይያዝም፤ የሚይዘው ኅሊናው ብቻ ነው።

ጥያቄው የለንደን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ልብስ የሚሸጡ ወጣቶች ጨረታ ባያወጡም ዴሊቨሪ ያስከፍላሉ። ብዙ ጊዜ ፎቶው ሥር የልብሱ ዋጋ ብቻ ይለጠፋል፤ የሞተረኛው ሒሳብ የሚነገረው ገዢዋ ልብሱን ከመረጠችና አድራሻዋን ከላከች በኋላ ነው። ያኔ እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

እንግዲህ ለንደንም ሆናችሁ አዲስ አበባ ልብስ የምትሸጡ ሁሉ፣ ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት ልብሱን አጥፋችሁ ከነማሸጊያው መዝኑት። ማድረሻው የሚያስወጣችሁን ከልብሱ ዋጋ አጠገብ እኩል አጉልታችሁ ጻፉት። ልታተርፉ የፈለጋችሁትን በልብሱ ዋጋ ላይ ጨምሩት፤ እዚያ ገዢው አይቶት ይወስናል።