ልምድ የሚሸጥበት ሱቅ

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ነዳጅ የምናጠራቅምባቸው ትልልቅ የብረት ታንከሮች አስፈልገውን ጨረታ አወጣን። ሰነድ ገዝተው ከቀረቡት መካከል በከተማችን የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ዋጋቸው የሚያስከፋ አልነበረም፤ ማስከበሪያውንም በወቅቱ አስይዘዋል። የጎደላቸው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ይኸውም ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ በፊት መሥራታቸውን የሚያረጋግጥ የልምድ ማስረጃ። ስለዚህ ጣልናቸው። ታንከሮቹ ከውጭ አገር ተገዝተው መጡ።

አዛውንቱ ምክንያቱን ሊጠይቁ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ሰው ያልሰጡትን ሥራ ሠርቶ እንዴት ማስረጃ ያመጣል? እስኪ ልምድ የሚሸጥበትን ሱቅ አሳየኝና ገዝቼ ልምጣ» አሉኝ። መመሪያው ነው አልኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ጨረታ ስናወጣ ተመልሰው መጡ። አሁንም ማስረጃው የላቸውም። በመጀመሪያ የነፈግናቸውን ነገር በሁለተኛው ጊዜ ለምን አልያዙም ብለን ጣልናቸው። በሦስተኛው አልመጡም።

ከውጭ የመጡት ታንከሮች ጥሩ ነበሩ። ይህንን መናገር ይገባኛል፤ አላፈሰሱም፣ አልዛጉም። እኛም ጉቦ አልበላንም፣ ሕግ አልጣስንም። እንግዲህ ማንም ያልሰረቀበት፣ መመሪያው የተከበረበት፣ ዕቃው የሠራበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዘመን የሚከነክነኝ ለምንድን ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ከአንድ ታንከር ወደ አንድ አገር ከፍ አድርጎ ማየት ይቻላል። ከመሬቱ በታች ነዳጅ ወይም ጋዝ የተገኘለት ሕዝብ ሁሉ ይገጥመዋልና። ጉድጓዱን የሚቆፍር፣ ቧንቧውን የሚበይድ፣ ለሠራተኛው ምግብ የሚያቀርብ፣ ቫልቩን የሚጠግን ማን ይሁን? ልምድ ያለው እንግዳ ወይስ ልምድ የሌለው ባለአገር?

ለባለአገሩ ማድላትን የሚቃወመው ክርክር ቀላል አይደለም። ከአገር ልጅ አስበልጦ መግዛት፣ የአክስትን ልጅ በዘመድ ከመቅጠር በምን ይለያል? የሩቁም በያጅ ልጆች አሉት። በዚያ ላይ ለትምህርቱ የሚከፈለው ብልጫ ከኮሚቴው ኪስ አይወጣም፤ ከሕዝብ ገንዘብ ነው። እኔ ለአዛውንቱ ብራራ፣ የምራራው ምንም ባልጠየቅሁት ገበሬ ገንዘብ ነው። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ደግሞ ቸርነት አይባልም።

ይህን ክርክር ለረጅም ጊዜ ተቀብዬው ኖሬአለሁ። አሁን ግን ሁለት ነገር የዘነጋ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው የነዳጅ ጠባይ ነው። ቡና ዘንድሮ ቢለቀም ለከርሞ ያብባል። ነዳጅ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ ነው፤ ጉድጓዱ አይወልድም። የሚያልቅን ሀብት የሚሸጥ ትውልድ ገና ያልተወለዱትን ድርሻ አብሮ እየሸጠ ነው። ብሩ ሊበላ ይችላል። የማያልቅ ነገር ቢኖር በሰው እጅና አእምሮ የሚቀር ሙያ ነው። እንግዲያው ለባለአገሩ ሥራ መስጠት ስጦታ ሳይሆን፣ ከጓዳው ለሚወሰድበት ነገር ምትክ መክፈል ሊሆን ይችላል። ዘመዳዊነት የሚያደላው ለደም ነው፤ ይህ ግን ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልምድ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ልምድ ያለው አቅራቢ ሁሉ ያለ ልምድ ጀምሯል። በሆነ አገር፣ በሆነ ቀን፣ አንድ ኮሚቴ የመጀመሪያውን ሥራ ሰጥቶት ስህተቱን ታግሦለታል። እኛ የልምድ ማስረጃ ስንጠይቅ የሌላውን ሕዝብ ትዕግሥት ፍሬ እየገዛን፣ ለራሳችን ሰው ግን ትዕግሥትን እንነፍጋለን።

የኖርዌይን ታሪክ የሚያውቅ ይህን በቀላሉ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ በሰሜን ባሕር ኤኮፊስክ በተባለው ሥፍራ ነዳጅ ሲገኝ፣ ኖርዌያውያን መርከብ መሥራትና ባሕር መቅዘፍ እንጂ ከባሕር ወለል ሥር ዘይት ማውጣት አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥት የራሱን የነዳጅ ኩባንያ ስታትኦይልን አቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው ድንጋጌም የኖርዌይ ዕቃና አገልግሎት በጥራት፣ በዋጋና በማስረከቢያ ጊዜ ተወዳዳሪ እስከሆነ ድረስ እንዲመረጥ አዘዘ። ይህን የሚከታተል ክፍልም በኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ዋና ሥራው የአገሩ ወርክሾፖች ስማቸው በተጫራቾች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አስቀድሞ ማየት ነበር። ልብ እንበል፤ ድንጋጌው ኖርዌያዊ ሁሉ ያሸንፍ አላለም። በሩ ይከፈትለት፣ ከገባ በኋላ ግን ይመዘን ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኖርዌይ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና አባል ስትሆን ይህ ምርጫ ቀረ። ያን ጊዜ ግን ልጁ በእግሩ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ የኖርዌይ አቅራቢዎች በሌሎች ሕዝቦች ባሕር ላይ ሳይቀር ይሠራሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ግን አንድ እንግዳ ሰው ነው። ፋሩክ አል-ቃሲም የተባለ ኢራቃዊ የሥነ ምድር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኖርዌያዊት ባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ኖርዌይ ሄደ። የሄደው ሥራ ፈልጎ ሳይሆን ታማሚ ልጁ ሕክምና እንዲያገኝ ነበር። ኦስሎ ደርሶ ባቡሩ እስኪነሣ ሰዓት ስለተረፈው ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጎራ ብሎ በአገሩ የሚሠሩ የነዳጅ ኩባንያዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። ሰዎቹ ማን እንደሆነ ሲረዱ ራሳቸው ቀጠሩት። የኖርዌይን የነዳጅ ሥርዓት መሠረት ከጣሉት አንዱ ይህ የባስራ ልጅ ነው። ስለዚህ ለአገር ልጅ መቆም ማለት እንግዳን መጥላት አይደለም። ኖርዌያውያን የሚያስተምራቸውን እንግዳ አስቀምጠው ጠየቁት፤ የተማሩትን ደግሞ በራሳቸው እጅ ሠሩት።

እዚህ ላይ ግን ልቤን የሚያስፈራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 27 ቀን 1980 አሌክሳንደር ሺላን የተባለው ተንሳፋፊ የነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ በዚያው ባሕር ላይ ተገልብጦ፣ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት ትንሽ ነው። አንድ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ለመትከል በተደረገ 6 ሚሊ ሜትር ብየዳ ላይ ስንጥቅ ነበረ፤ ስንጥቁ ቀስ በቀስ አድጎ ዋናውን ማገር በጠሰው፤ ማገሩ ሲበጠስ እግሩ ተነቀለ። ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ ያ ግንባታ የጀማሪ አገር ሥራ አልነበረም፤ የተሠራው ፈረንሳይ አገር ደንከርክ ውስጥ ነው። ስለዚህ የውጭ መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሁለተኛና ዋነኛው፣ በብየዳ ላይ ርኅራኄ የለም። ለአገሬ ሰው አዝኜ ደካማ ብየዳ ባሳልፍ፣ የሐዘኔታዬን ዋጋ የሚከፍለው በሌሊት የሚተኛበት ሌላ የአገሬ ሰው ነው።

እንግዲህ አቅራቢን ማሳደግ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮችን ይጠይቃል፤ በሩን በሰፊው መክፈትንና መመዘኛውን አለመቀነስን። አንዱን ያለ ሌላው የያዘ ሁሉ ተሳስቷል። እኛ መመዘኛውን ይዘን በሩን ዘጋን። ሌሎች ደግሞ በሩን ከፍተው መመዘኛውን ጣሉ።

የብራዚል ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ብሔራዊው ኩባንያ ፔትሮብራስ ከአገር ውስጥ ተቋራጮች ጋር ብዙ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው ምርመራ ሲገለጥ ግን ትልልቆቹ ተቋራጮች ጨረታውን አስቀድመው ተከፋፍለው፣ ዋጋ አንረው፣ ለሹማምንትና ለፖለቲከኞች ድርሻ ይቆርጡ እንደነበር ታወቀ። ኩባንያው ለሙስና ብቻ ከ6 ቢሊዮን ሬያል በላይ ኪሳራ መዘገበ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል የሚሠራው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። «የአገር ልጅ» የሚለው ስም ለስንፍናና ለሌብነት መሸፈኛ ኩታ ሲሆን፣ ያ ዕዳ ያልኩት ነገር ተመልሶ ዘመዳዊነት ይሆናል።

ናይጄሪያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ታነሣለች፤ ባለአገር የሚባለው ማን ነው? በኦሎይቢሪ መንደር ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አገሪቱ የአገር ውስጥ ተሳትፎን የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው ግን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ54 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ከየውሉ 1 በመቶ ተቆርጦ ለአቅም ማሳደጊያ ፈንድ እንዲገባ አዘዘ። ፍሬ አላፈራም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤጊና ለተባለው የባሕር ውስጥ ጉድጓድ የሚሆነው ግዙፍ መርከብ ከኮሪያ መጥቶ ሌጎስ ላይ ሲገጣጠም፣ በላዩ ከተተከሉት 18 ክፍሎች 6ቱ እዚያው ናይጄሪያ ውስጥ ተሠርተው ነበር። ሕጉ ናይጄሪያዊ ኩባንያ የሚለው ቢያንስ 51 በመቶው ድርሻ በዜጎች የተያዘውን ነው። አክሲዮን ግን ሙያ አይደለም። ቦርሳ ይዞ ስሙን ለውጭ ኩባንያ የሚያከራይ ሰውም 51 በመቶ ሊሞላ ይችላል። የኦሎይቢሪ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ብየዳ ካልተማረ፣ በሌጎስ ባለቢሮ የሆነው የአገሩ ሰው መክበሩ ለእሱ ምንድን ነው?

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ሄደው ሶቪየቶች መጡ፤ ሶቪየቶች ሄደው ሌሎች መጡ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የጋዝ ማምረቻ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን በግመል ውኃ እያመላለሰ በጉድጓዶቹ አጠገብ ያለፈ አርብቶ አደር አለ። አዲስ አበባ የተቀመጥን ሰዎች «የአገር ውስጥ አቅራቢ» ስንል ራሳችንን እያሰብን እንዳይሆን እፈራለሁ። ለእሱ፣ ከቦሌ የሄደ ተቋራጭና ከውጭ የመጣ ተቋራጭ ልዩነታቸው ያን ያህል ላይታየው ይችላል። የቅርብነት መለኪያው ፓስፖርት ብቻ ከሆነ፣ እኔ በአዛውንቱ ላይ የሠራሁትን ከተማው በገጠሩ ላይ ይደግመዋል።

አንባቢ «ታዲያ ያን ቀን ምን ማድረግ ነበረብህ?» ቢለኝ መልሴ ይህ ነው። ሁሉንም ታንከሮች ለአዛውንቱ መስጠት አልነበረብኝም፤ ያ በሰው ገንዘብ ቁማር መጫወት ነው። ነገር ግን ከታንከሮቹ ትንሹን፣ ቢያፈስ ብዙ የማይጎዳውን አንዱን ለይቼ፣ ይህን ይሥሩ ማለት እችል ነበር። ብየዳውን ባለሙያ አምጥቼ፣ ውኃ ሞልቼ፣ በግፊት አስፈትሼ፣ ካፈሰሰ አፍርሰው ድጋሚ ይሥሩ ባልኳቸው ነበር። በሁለተኛው ጨረታ ማስረጃው በእጃቸው ይሆን ነበር። ወይም ደግሞ መውደቃቸው ይረጋገጥ ነበር። ያም ቢሆን ክብር አለው፤ ሰው በሠራው ሥራ መውደቁና ሳይሞከር መውደቁ አንድ አይደለም።

መመሪያው ይህን አይፈቅድም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ መመሪያው እንዲሻሻል አንዲት መስመር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምኩት በእጄ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉን የሚታቀፈው ካገኘ ነው እንጂ።

ከዓመታት በኋላ በዚያ ወርክሾፕ በር አለፍኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ ተደርድሮ ይሸጣል። አዛውንቱን ለመጠየቅ ገባሁና ሻጩን ልጅ ሳየው ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ዋጋ ጠይቄ ወጣሁ።