የላሟ ድርሻና የመስኩ አደራ

ላም ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ውል አለ። እርሷ ወተቷንና ጥጃዋን ትሰጣለች፤ እርሱም ሣር በሚጠፋበት ወራት ያበላታል። እንደ ልቧ ተዘዋውራ የምትግጥበትን ሜዳ በአጥር የከለለ ሰው፣ ከአጥሩ ውስጥ ሣር ሲያልቅ «የራስሽን ፈልጊ» ሊላት አይችልም። ይህን ግዴታ የሚክድ ከብት አርቢ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ አርቢው ላሟን ሲያበላ ላሟ የቆመችበትን መሬት ቢጎዳ፣ ግዴታውን ተወጥቷል ይባላልን?

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የፈላስፎች ጨዋታ ይመስላል። በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ የሣር ሜዳዎች ላይ ለሚኖር አርቢ ግን በበረዶው ወራት በየማለዳው የሚገጥመው የሥራ ጥያቄ ነው። በዚያ አገር ብርዱ የሣሩን እድገት ለወራት ስለሚያቆመው፣ ከብቱ የሚኖረው በሙቀቱ ወራት ታጭዶ በተቀመጠ ድርቆሽ ነው። ድርቆሹን ማሰር፣ መጫንና መከመር ቀድሞ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በአዮዋ ግዛት ጌሪ ቨርሚር የተባለ ሰው ድርቆሽን እንደ ትልቅ በርሜል የሚጠቀልል መሣሪያ ሲሠራ፣ የብዙዎቹ ድካም በአንድ ሰውና በአንድ ትራክተር የሚተካበት መንገድ ተከፈተ። አንዱ ጥቅል እንደ መጠኑ ከ400 እስከ 700 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። አንዲት ትልቅ ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ትበላለች ቢባል፣ ባለ 500 ኪሎው ጥቅል 40 ላሞችን ለአንድ ቀን ያጠግባል ማለት ነው።

ምቾት ግን ልማድን ይወልዳል። ጥቅሉን አምጥቶ አንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በብረት ቀለበት ውስጥ አስቀምጦ መሄድ ቀላል ነው። ከብቱ ይከበዋል፤ ከዚያው አይርቅም፤ እበቱም ሽንቱም እዚያው ይወድቃል። በረዶው ሲቀልጥ ያ ቦታ ማጥ ይሆናል። ሰኮናው አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውኃንና አየርን እንደ ልብ ስለማያስገባ የሣሩ ሥር ይታፈናል። ሌላው መስክ ሲለመልም በዚያ ክብ ቦታ ላይ ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ አረም ነው። ላሟ ጠግባለች፤ መስኩ ግን ቆስሏል።

ሌላው መንገድ ጥቅሉን መዘርጋት ነው። አርቢው በቅድሚያ ጥቅሉ የታሰረበትን ሲባጎ ወይም የፕላስቲክ መረብ ይፈታል፤ ይህ ከተዘነጋ የዋጠው ከብት ሆድ ውስጥ ተቋጥሮ ሊገድለው ይችላልና። ከዚያም ጥቅሉን በትራክተር እያንከባለለ እንደ ምንጣፍ በረጅም መስመር ይዘረጋዋል። ቁልቁለት ባለበት ቦታ ጥቅሉ አምልጦ አደጋ እንዳያደርስ ይጠነቀቃል። ዛሬ እዚህ ከሆነ ነገ እዚያ ነው፤ የትናንቱን መስመር አይደግምም። የሚዘረጋውም በአንድ ቀን የሚበላውን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ከበዛ ከብቱ ይተኛበታል፤ ወፍሮ የቀረውም ከሥሩ ያለውን ሣር ያፍናል። መሬቱ በራሰበት ቀን የትራክተሩ ጎማ ራሱ መስኩን ስለሚያርሰው፣ ደረቅ ወይም በውርጭ የጠነከረ ቦታ ይመርጣል።

ጥቅሙ በሒሳብ ይታያል። ከመቶ አሥር እጁ ፕሮቲን የሆነ አንድ ቶን ድርቆሽ 16 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዟል። ላም ከዚህ ውስጥ ለሥጋዋና ለወተቷ የምታስቀረው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው በእበትና በሽንት ይወጣል። በአንድ ቦታ ሲከማች ሣሩን የሚያቃጥለው ይኸው ነገር በሰፊው ሲበተን ማዳበሪያ ይሆናል። ከአፍ የተረፈው ጭራሮ አፈሩን ያለብሰዋል፤ በድርቆሹ ውስጥ ያለው ዘርም አዲስ ቡቃያ ሊሰጥ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ድርቆሹ አረም ካለበት አረሙም አብሮ ይዘራል፤ ስለዚህ ሰጪው የሚሰጠውን ነገር ማወቅ አለበት።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ፍትሑ ነው። በከብት መንጋ ውስጥ ታላቅና ታናሽ አለ። በአንድ ጥቅል ዙሪያ ጉልበተኛዋ ቀንዷን አዙራ ቀድማ ትበላለች፤ ጊደሯና ደካማዋ ዳር ቆመው የተረፈውን ይጠብቃሉ። ድርቆሹ በረጅሙ ሲዘረጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበላሉ። ጉልበተኛዋ አልተቀጣችም፤ ከሆዷም የጎደለ የለም። የተለወጠው የአሰጣጡ መልክ ብቻ ነው። አርቢውም በየቀኑ መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ የምታነክሰውን፣ ምግብ የተወችውን፣ ለመውለድ የተቃረበችውን ያያል። መሣሪያው ከእጁ የወሰደበትን ቅርበት በዚህ መንገድ ይመልሳል።

አርስቶትል ስለ ለጋስነት ሲያስተምር፣ ለጋስ የሚባለው ለሚገባው ሰው፣ የሚገባውን ያህል፣ በሚገባው ጊዜ የሚሰጥ ነው ይላል። የብዛት ጉዳይ በዚህ ሚዛን ብቻውን አይቆምም። የከብት አርቢው ልምድም አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ የሚሰጥበት ቦታ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ላም ይርባታል፣ ይበርዳታል፣ ታምማለች፤ ስለዚህ የሰው ግዴታ አለባት ቢባል ያስኬዳል። መሬት ግን አይራብም፤ አያምጥም። ለማይሰማው ነገር እንዴት ዕዳ ይኖራል? አሜሪካዊው አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመው መጽሐፉ፣ የሥነ ምግባር ማኅበረሰብ አፈርን፣ ውኃን፣ ዕፀዋትንና እንስሳትን ጭምር ሊያቅፍ ይገባዋል ሲል ሞግቷል። ይህን የማይቀበል ሰው እንኳ በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። መስኩ ባይሰማውም በመስኩ የሚኖሩ ይሰማቸዋል፤ ያችው ላም በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥጃዋ፣ የአርቢው ልጅ። መሬትን መጉዳት ገና ካልመጣ እንግዳ ማዕድ ላይ እንደ ማንሣት ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ፣ ትራክተሩና ግዙፉ ጥቅል በአብዛኛው አርቢ እጅ የሉም፤ ጥያቄው ግን አለ፤ እንዲያውም ይከብዳል። ከሱሉልታና ከሰላሌ መስኮች ክረምቱ ሲወጣ የሚታጨደው ድርቆሽ ተጭኖ አዲስ አበባ ላሉ የወተት ላሞች ይሄዳል። ሣሩ ሲሄድ የአፈሩ ሲሳይ አብሮት ይሄዳል፤ ከተማ የወደቀው እበት ግን ሣሩ ወደ በቀለበት መስክ ተመልሶ መድረሱ አስቸጋሪ ነው። በደጋው ገጠርም እበት ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል። ሌላ ማገዶ ለሌላት እናት «መስክሽን አትርሺ» ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው፤ ግዴታ ከአቅም አይበልጥምና። ድርቆሹን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ላሞቹን አልቦ፣ ፍጉን ግን የትም የሚጥል ባለሀብት ካለ በዚህ ምክንያት ሊሸሸግ አይገባውም። አቅም ያለው ዕዳውም ይበዛል።

በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ ካሎ የሚባል የተከለለ ግጦሽ አለ፤ በተለይ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚጠበቅ ነው። ሁለቱ አደራዎች በአንድ አጥር ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ሣሩ ያርፋል፣ ደካማውም ድርሻውን ያገኛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ እንዲህ ያለው ጥበብ ብቻውን አልበቃም። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ የዕርዳታ ድርቆሽም በመኪና ተጫነ።

እንዲህ ባለው ቀን ነፍስ ማዳን ይቀድማል፤ ለመስኩ ሲባል ላሟ ትሙት የሚል ሥነ ምግባር የለም። ነገር ግን ድርቆሹ ሁልጊዜ የሚራገፈው በአንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ መንጋው ሁሉ እዚያው ይከትማል። ዝናብ ሲመለስም የሚቀበለው የተራቆተና እንደ ድንጋይ የደደረ መሬት ይሆናል። የመጀመሪያው ድርቆሽ ሁለተኛ ድርቆሽ የሚያስለምን ከሆነ፣ ከሰጪው ልብ ቅንነት ጋር የአሰጣጡም ጉድለት ሊመረመር ይገባል።

አበው ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ይወቅሳሉ። በሬውስ እንስሳ ነው። ላሟን አይቶ መስኩን ያላየ ሰው ግን ምን ይመልሳል? የሰጪን ደግነት ለመመዘን የበላውን ሆድ ማየት ብቻ አይበቃም፤ በዪው ከሄደ በኋላ የቆመበትን ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። እዚያ ሣር ተመልሶ ከበቀለ፣ ስጦታው በእውነት ተሰጥቷል።