ድካም መብት ይሰጣልን?

ሰው የደከመበትን ነገር የራሱ አድርጎ ማየት ይወዳል። ያረሰውን ማሳ፣ ያነጸውን ቤት፣ ያሳደገውን ልጅ «የእኔ» ሲል ቃሉ ከአፉ የሚወጣው ያለ ጥርጥር ነው። ይህ ስሜት ከጥንት ጀምሮ ከሰው ልጅ ጋር የኖረ፣ ብዙ ጊዜም ትክክለኛ የሆነ ስሜት ነው። ይሁንና ድካም ሁሉ መብት ይሰጣልን? ላብ የፈሰሰለት ነገር ሁሉ ለላቡ ባለቤት ዕዳ አለበትን? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሌ ተራሮች ያደረግሁት የእግር ጉዞ ነው።

የጉዞው ዓላማ ገርባ ጉራቻን ማየት ነበር። ገርባ ጉራቻ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ሲሆን፣ ከሳነቴ አምባ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,950 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ገደል በከበበው ጎድጓዳ ስፍራ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው። ጎድጓዳውን የቦረቦረው ጥንት ያን ተራራ ሸፍኖት የነበረው የበረዶ ግግር ነው፤ ግግሩ ቀልጦ ሲያፈገፍግ ውሃው በስፍራው ቀረ። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ያወጡት ደለልም ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የሆነውን የአካባቢውን የአየር ንብረትና የዕፀዋት ታሪክ ደራርቦ የያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

ጓደኛዬና እኔ አንድ ወጣት መሪና ጓዛችንን የሚሸከም ፈረስ ይዘን ከዲንሾ ተነሣን። በመጀመሪያው ቀን የወብን ሸለቆ ይዘን ስንጓዝ መሪያችን ስለ ፊንጫ ሐበራ የዋሻ መጠለያ አጫወተን። በዚያ ስፍራ የተካሄደውና በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ዘመን፣ ከፍ ያለው ተራራ በበረዶ በተሸፈነበት ወቅት፣ ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። ፍልፈል እያደኑ ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ ያመጡ ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው። ልቤ ከሐይቁ ዘንድ ቀድሞኝ ሄዷል።

በሁለተኛው ቀን አስታው እየሳሳ፣ ጅብራው በየሜዳው ብቻውን እንደ ዘብ ቆሞ የሚታይበት አገር ገባን። አንድ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ሲያደፍጥ አይተን ትንፋሻችንን ዋጥን። ማታ ጓደኛዬን ራሱን ይፈልጠው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጧት የበላው ሁሉ አልረጋለትም። እንደሚታወቀው በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ሕመምም ዋናው መድኃኒት ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ነው። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍ ይህ ጽሑፍ ዋጋ አይኖረውም።

ያደርንበት አጠገብ የከብት አርቢዎች ጎጆ ነበረ። በባሌ ሕዝቡ ወቅትን ተከትሎ ከብቱን ወደ ደጋው የሚያወጣበትና መልሶ የሚያወርድበት «ጎዳንቱ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። በጎጆዋ ውስጥ የነበሩት አንዲት አሮጊት ጓደኛዬን ወደ እሳቱ አስጠግተው ትኩስ ወተት ሰጡት። እኔም ለመሪያችን «እሱ እዚህ ይረፍ፤ እኛ ሐይቁን አይተን እስከ ቀትር እንመለሳለን» አልሁት። ወጣቱ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ ብንወርድ አይሻልም?» አለኝ። አሮጊቷ የምንነጋገረውን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ መሪያችንም ተረጎመልኝ፦ «ልጄ፣ ሐይቁ የትም አይሄድ።»

ሄድሁ። በመንገድም ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርሁ፤ ስንት ወር ያጠራቀምሁት ገንዘብ፣ ለምኜ ያገኘሁት ፈቃድ፣ የተላጠ ተረከዜ። ሦስት ቀን ደክሜአለሁና ማየት ይገባኛል አልሁ። «ይገባኛል» የምትለዋ ቃል እንደ ምርኩዝ ሆና ገደሉን አወጣችኝ። ከገርባ ጉራቻ አፋፍ ስደርስ ጎድጓዳውን ሁሉ ጉም ሞልቶት ነበር። የውሃውን ድምፅ እንጂ ውሃውን አላየሁም። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ እንደ ተታለለ ሰው ያለ ቁጣ ነው። ግን ማን አታለለኝ? ሐይቁ ና አላለኝም፤ ውልም አልገባልኝም።

ወደ ጎጆዋ ስመለስ ጓደኛዬ አልነበረም። ሕመሙ ስለጠናበት የአሮጊቷ ልጅ እኔን ሳይጠብቅ በራሱ ፈረስ ጭኖ ወደ ታች ይዞት ወርዷል። ማምሻውን ዝቅ ካለ መንደር ደረስሁባቸው፤ ጓደኛዬ ተሽሎት ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። «አየኸው?» አለኝ። ሌላ አላለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በአገራችን «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ ትውልድን ያነቃነቀው ድካም መብት ይሰጣል ከሚል የፍትሕ ስሜት ተነሥቶ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር መሬቱን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ለአራሹ የመጠቀም መብት ሰጠ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ሰው ጉልበቱን ከተፈጥሮ ጋር ሲያዋሕድ የራሱ የሆነ መብት ያገኛል ሲል ጽፏል፤ ለሌሎችም በቂ ሆኖ እስከ ተረፈ ድረስ የሚል ገደብ ግን አበጅቶለታል። በሁለቱም ዘንድ ድካሙ ከደካሚው ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር የሚገባ ድካም ነው፤ ጠፍ የነበረው ማሳ እህል ያበቅላል፤ ሌላው ሰው ይበላል። የተራራ ተጓዥ ድካም ግን ከገዛ እግሩ አይወጣም። ለሐይቁ አንዲት ጠብታ አልጨመርሁለትም። ታዲያ በምን ሒሳብ ባለ ዕዳዬ ይሆናል?

ኢጣልያዊው ባለቅኔ ፔትራርክ እ.ኤ.አ. በ1336 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ቫንቱ የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ ወጥቶ ነበር። ከጫፉ ላይ ይዞት የሄደውን የአውግስጢኖስን መጽሐፍ ገልጦ ቢያነብ፣ ተራራን እያደነቁ የገዛ ነፍስን መዘንጋት ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ቃል አገኘና አፈረ። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሰው ወደ ውስጡ የተመለከተበት ታላቅ ሰዓት አድርገው ያነሡታል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ክፍል ነው፤ ወንድሙ ተጨማሪ እንዲያነብለት ቢፈልግም፣ ፔትራርክ እንዳያስቸግረው ነግሮት መጽሐፉን ዘጋ። ተራራውን ትቶ ወደ ነፍሱ የዞረው ሰው እንኳ አጠገቡ የቆመውን ሰው አላየውም።

አንዳንድ አንባቢ «ብትቀርስ ምን ትረዳው ነበር? ሰውየው ድኗል» ይል ይሆናል። ይህ ግን የአሮጊቷንና የልጃቸውን ደግነት ለእኔ ጥፋት መሸፈኛ ማድረግ ነው። ሌላውም «ያለ እልህ ተራራ አይወጣም፤ እልህን ከነቀፍህ ማን ቁም ነገር ይሠራል?» ቢል ክርክሩ ከባድ ነው። ጽናትና ጭካኔ በመንገድ ላይ አንድ ዓይነት ፊት አላቸው፤ ሁለቱም ወደ ኋላ አይመለከቱም። እኔ ያገኘሁት መለያ አሮጊቷ የነገሩኝ ብቻ ነው፦ ሊጠብቅ የሚችለውን ሊጠብቅ ከማይችለው መለየት። ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ሐይቅ አንድ ዓመት ይጠብቃል። የታመመ ሰው ግን እስከ ቀትርም ላይጠብቅ ይችላል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደዚያ የሚወጣው ሰው ይበረክታል፤ ይበርክትም። እኔም አንድ ቀን መመለሴ አይቀርም። እስከዚያው ግን ስለ ገርባ ጉራቻ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር «ደርሻለሁ፣ ግን አላየሁትም» እላለሁ። ጓደኛዬም አጠገቤ ካለ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ለመስማት አሁን ጆሮዬ ሙሉ ነው።