የጓዳ ወተት

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ መስፋት ከጀመርኩ 22 ዓመቴ ነው። እንጀራዬ የሰው ገላ መለካት ነው፤ ሜትሩን ወገቧ ላይ ሳዞር ያረገዘችውን ከእናቷ ቀድሜ አውቃለሁ እያልኩ እቀልዳለሁ። የራሴን ገላ ግን ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

አንጀቴን ሲያመኝ መጀመሪያ የአንጀት ቲቢ ነው ተባልኩ፤ ስድስት ወር መድኃኒቱን ዋጥኩ። በማንም አልፈርድም። ቲቢውና ትክክለኛው በሽታዬ የሚወዱት ቦታ አንድ ነው፣ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፤ ቁስላቸውም ይመሳሰላል። አልሻለኝ ሲል ነው ክሮንስ የሚሉት የአንጀት ብግነት መሆኑ የታወቀው። ያን ጊዜ ከ62 ኪሎ 47 ገብቻለሁ። ወቅቱ ሑዳዴ ነበርና ጎረቤቴ «ጾሙ ይዞሻል፣ ፊትሽ እንኳ የመነኩሲት መሰለ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በተቅማጥ የሄደውን ሥጋ ለእግዚአብሔር የሰጠሁት አስመሰልኩት።

ከዚያ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረልኝ፤ በቀን 40 ሚሊ ግራም፣ ኋላ ቀስ በቀስ የሚቀነስ። ሕመሙ ታገሠ። ፊቴ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፣ ሆዴ ወጣ፣ ሚዛኑም 62 ላይ ተመለሰ። ያቺው ጎረቤቴ «ተመችቶሻል! ጾሙንም ተውሽው መሰለኝ» አለች። ገላዬን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳተች። በመጀመሪያው ስሕተት እኔም ተባባሪዋ ነበርኩ።

ሐኪሙ የአጥንት ጥግግት ምርመራ አዘዘልኝ፤ ዴክሳ ይሉታል። ጠባብ አልጋ ላይ ተጋደምኩ፣ ክንድ መሳይ ነገር ከበላዬ ቀስ እያለ አለፈ፣ አለቀ። የጀርባዬ ውጤት ከዜሮ በታች 2.6 መጣ፤ ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያም የወረደው የአጥንት መሳሳት ነው። ዕድሜዬ 53 ስለሆነ የወር አበባ መቆምም የራሱን ድርሻ ወስዷል። መሣሪያው ጡንቻን ከስብ ለይቶም ያሳያል። የአሁኑ 62 ኪሎ የድሮው 62 አልነበረም፤ ከክንዴና ከጭኔ ጡንቻው ሄዶ በቦታው ስብ ገብቷል። ለካስ ቀሚሴ ወገቡ እየጠበበኝ እጅጌው ሲሰፋኝ ነገሩን ነግሮኝ ኖሯል። እኔ ጨርቁ ነው ብዬ ነበር። የ22 ዓመት ሰፊ!

አጥንት ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ግን ሲያፈርሱትና ሲሠሩት የሚኖሩ ሴሎች አሉት፤ የአዋቂ ሰው አጥንት በአሥር ዓመት ገደማ ይታደሳል። የተቆጣ አንጀት በደም በሚልከው ኬሚካል አፍራሾቹን ያነሣሣል፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የሠሪዎቹን እጅ ያስራል። ካልሲየም የሚያስገባውን ቫይታሚን ዲ የታመመ አንጀት በደንብ አይቀበለውም። አንጀቴን ያዳነልኝ መድኃኒት ዋጋውን ከአጥንቴ ወስዷል ማለት ነው።

ይህን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። «አባቴ፣ ይህ ሁሉ የጎደለ ሥጋ ከጾም አይቆጠርልኝም?» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ የተሰረቀ ገንዘብ ምጽዋት ይባላል?» አሉኝ። «መታገሥሽ ይቆጠራል፤ መክሳትሽ አይቆጠርም።»

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የምሰጠው የእኔ የሆነውን ነው፤ በሽታው ግን ሳይጠይቀኝ ነው የወሰደው። ሥጋ የነፍስ ጠላት ነው፣ ሲከሳ ነፍስ ትወፍራለች የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም እንዲያ ሳስብ ኖሬያለሁ። አሁን አይመስለኝም። የቅዱሳንን ዐፅም በረከት ብለን የምንሳለም፣ ሙታን በሥጋ ይነሣሉ ብለን የምናምን ሰዎች ነን። ነገ ይነሣል የምለውን አጥንት ዛሬ በእጄ እያለ እንደ ባዕድ ዕቃ ልጥለው? ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ በኩል ዳገቱን በእግሬ የምወጣው፣ የጨርቅ ጥቅሎቹንም ራሴ የማነሣው ለዚህ ነው። አጥንት ሸክም ሲሰማው ነው የሚጠነክረው።

ሐኪሙ ወተት ጠጪ ብሎኛል። አባም ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ነግረውኝ፣ ሑዳዴም ቢሆን፣ ዓርብም ቢሆን ፈቅደዋል። ግን «ሌላው እንዳይሰናከል በጓዳ ጠጪው» አሉኝ። በዚህች ብቻ አልስማማም። በጓዳ ከጠጣሁት ጎረቤቴ ነገም ፊቴን አይታ ያሻትን ታነባለች፤ ሌላዋ ሕመምተኛ ደግሞ ብቻዬን ነኝ ብላ ወተቱን ትተወዋለች። ይህን ለአባ አልነገርኳቸውም።

ትናንት ደብረ ዘይት ነበር፣ ጾሙ ተጋምሷል። እስካሁን የምጠጣው በጓዳ ነው።