ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃምን?

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ተርተዋል። የተረቱትም በከንቱ አይደለም፤ ላልበሰለ እጅ ከባድ ነገር ሲሰጥ ሥራውም ሠራተኛውም እንደሚጎዳ አይተው ነው። ነገር ግን በየቤቱ ብንመለከት የብዙውን ቤተ ሰብ ራት አቡክታና ጋግራ የምታቀርበው ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ናት። ውሃውን ትቀዳለች፤ ሕፃኑን ታዝላለች፤ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ሥራዋ ለራት በቅቶአል፤ ቃልዋ ግን ለሸንጎ አልበቃም። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ዕድሜው ጥቂት ስለ ሆነ ሊከለከል የሚገባው ምንድን ነው? ሊከለከል የማይገባውስ ምንድን ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በዕድሜ ወሰን ማድረግ ሁሉ በደል አይደለም። ችግኝ ከብት እንዳይረግጠው አጥር ይደረግለታል፤ ሲያድግ ግን አጥሩ ይነሣለታል። የአጥሩ ጥቅም ለችግኙ ነው እንጂ ለአጣሪው አይደለም። በሕጋችንም እንዲህ ያለ አጥር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የወንዱን ዕድሜ 18፣ የሴቲቱን 15 ዓመት አድርጎ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 ዓመት አደረጋቸው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከዚህ ዕድሜ በታች ያለችውን ከሕግ ውጭ የሚያገባ ሰው በእስራት እንዲቀጣ አዘዘ፤ ልጂቱ 13 ዓመት ያልሞላት እንደ ሆነች ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ይደርሳል። እንደዚሁም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠርን ከለከለ፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ወሰነ።

ሌላ ዓይነት ወሰን ደግሞ አለ፤ ይኸውም ለልጁ ሳይሆን ለታላቁ ምቾት የቆመ ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲመጡ አባት «ልጄ ደርሳለች» ይላል። ልጂቱ «ትምህርቴን ልጨርስ» ብትል ግን «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ምን ታውቂያለሽ?» ትባላለች። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት፣ ለአንዲት ነፍስ ሁለት ዕድሜ ተሰጣት፤ ለሸክም ትልቅ፣ ለመብት ትንሽ። በወጣቶች ላይ የሚደረገው አድልዎ ሥሩ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ልጅነታቸው መብት በጠየቁ ጊዜ ይታወሳል፤ ሸክም በተጫነባቸው ጊዜ ይረሳል።

ይህ ሁለት ሚዛን እንዲቀጥል የረዳው ነገር አለ። በመላ አገራችን የልደት ምዝገባ በሕጉ መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙዎቹ የዕድሜ ማስረጃ የላቸውም። እንግዲህ የልጂቱን ዕድሜ የሚመሰክረው ማን ነው? የሚድራት ሰው ራሱ ነው። ዳኛና ባለ ጉዳይ አንድ ሰው በሆነበት ስፍራ ፍርድ እንዴት ይቀናል? በሰው ቤት የምታገለግለውስ? የሠራተኛው አዋጅ የቤት አገልግሎትን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲተዳደር ለይቶ ስለ ተወው፣ በፋብሪካ ላለው ወጣት የተቆጠረለት ሰዓት በማድ ቤት ላለችው አልተቆጠረላትም።

አንዳንዶች «ልጅ መብት አለህ ከተባለ አባቱን ይንቃል» ይላሉ። ይህን ፍርሃት በንቀት ልናልፈው አይገባም፤ ወላጆችን ማክበር የተቀደሰ ሥርዐት ነውና። ነገር ግን ልጅን መስማት ለልጅ መታዘዝ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የተስማሙበት፣ አገራችንም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት ልጅ ሁሉን ይወስን አላለም። ሐሳቡን ሊገልጥ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ይናገር፤ ቃሉም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይመዘን ነው ያለው። ደግሞም የወንጀል ሕጋችን ልጅን ከ9 ዓመቱ ጀምሮ፣ በልዩ ጥንቃቄም ቢሆን፣ ስላጠፋው ጥፋት ይጠይቀዋል። ስለ ሠራው በደል ሊጠየቅ የበቃ ሰው ስለ ተሠራበት በደል ሲናገር አልበቃም ይባላልን?

ሌሎችም «ወሰኑ ከጥንት የነበረ ነው» ይላሉ። የወሰን ድንጋይ ግን ሰው ያኖረው ነው፤ ሰውም መርምሮ ያነሣዋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመራጭ 21 ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ያለው፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 18 ይበቃል አለ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2002 ዓ.ም. ባጸናችው ሕገ መንግሥት አድልዎ የተከለከለባቸውን ምክንያቶች ስትዘረዝር ዘርንና ፆታን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም በስሙ ጠራችው። የእኛ ሕገ መንግሥት በእኩልነት አንቀጹ ዕድሜን በስሙ አልጠራም፤ ነገር ግን ዝርዝሩን በሌላም አቋም ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ በማለት ስለ ፈጸመ፣ በሩን ክፍት ትቶታል።

ከአድልዎ ሁሉ ይህ አንዱ ልዩ ጠባይ አለው። ድኻ ድኻ ሆኖ ሊቀር፣ መጻተኛም መጻተኛ ሆኖ ሊያረጅ ይችላል፤ ወጣት ግን፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ታላቅ ይሆናል። ስለዚህ ትናንት የተበደለው ዛሬ «እኛም እንዲሁ አልፈናል» እያለ በዳይ ይሆናል። ቍስሉ ከመሻሩ በፊት ለተከታዩ ይተላለፋል። በየማኅበሩም አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙት፣ ግቢ የሚጠርጉት፣ መዝሙር የሚመሩት ወጣቶች ናቸው፤ ምክር ሲደረግ ግን ውጭ ይቆያሉ። መሸከም የቻለ ትከሻ ስለ ሸክሙ መናገር ለምን ይከለከላል?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ወሰን ባየን ጊዜ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህ አጥር የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚነሣበትስ ቀን ተቈርጦለታልን? የተወለደውን ሕፃን ሳንዘገይ እናስመዝግበው፤ ዕድሜው በሰው ምላስ እንዳይረዝምና እንዳያጥር። ለጋብቻ የታጨችውን ልጅ ማንም በማያስፈራት ስፍራ እንጠይቃት፤ አልደረሰችም እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹን በሰላም እንመልሳቸው። በቤታችን የምታገለግለውንም ደብተርዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት እንስደዳት። ይህን ሁሉ ልናደርግ የሚገባን ወጣቶች ነገ ታላቅ ስለሚሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ሰው ስለ ሆኑ ነው።