ጨው አይተንም

 

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቃላሚኖ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን ቁርኣን አስቀርቼ ስወጣ አንድ የሰፈራችን ወጣት በር ላይ ጠበቀኝ። ብዙ ዓመት ጂዳ ሠርቶ በቅርቡ የተመለሰ ልጅ ነው። ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። መስታወት ውስጥ ያለ ትንሽ ባሕር ነው። ሐምራዊና አረንጓዴ ኮራል ይወዛወዛል፤ ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካናማ ዓሦች ጣት በሚመስሉ ለስላሳ ነገሮች መሐል ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

«ኡስታዝ፣ ሥራዬ ይሄ ነበር» አለኝ። «አሠሪዎቼ ሳሎን ውስጥ ስልሳ ሊትር የምትይዝ የባሕር ውኃ አኳሪየም ነበረቻቸው። የምንከባከባት እኔ ነበርኩ።»

በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ያዘኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ጠየቅኩት።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ተክልም ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያበሉታል፣ እሱ ደግሞ መጠለያ ይሰጣቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለያያሉ፤ ኮራሉ ነጭ ይሆናል፣ ሙቀቱ ከቀጠለም ይሞታል። ሱብሓነላህ! አላህ በሱረቱ ራሕማን ከሁለቱ ባሕሮች ሉልና መርጃን እንደሚወጣ ሲነግረን፣ ብዙ የተፍሲር ሊቃውንት መርጃንን በዚሁ በኮራል ተርጉመውታል፤ ትናንሽ ሉል ነው ያሉም አሉ። በዚያው ሱራ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሰማይን ከፍ እንዳደረገና ሚዛንን እንዳኖረ፣ በሚዛኑም ወሰን እንዳናልፍ ያሳስበናል።

ያቺ የስልሳ ሊትር መስታወት ሙሉ በሙሉ የሚዛን ጉዳይ ናት። ሙቀቷ 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ጨዋ በሊትር 35 ግራም ገደማ። ከዚህ ብዙ ከወጣች የሚሞት ነገር አለ።

ከዚያ ልጁ የራሱን ጥፋት አጫወተኝ።

ሥራውን እንደጀመረ ውኃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ያገኘዋል። ይተናል። እሱም በቅን ልቡና፣ «የባሕር ውኃ አይደል የጎደለው?» ብሎ ጨው እየበጠበጠ በጎደለው ልክ ይሞላል። ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነው። መስታወቱ የጠራ ነው። ከውጭ ለሚያይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለስላሳዎቹ ኮራሎች ተኮማተሩ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ ወደቁ፣ አንድ ዓሣ ሞተ። አብሮት የሚሠራ አንድ ሱዳናዊ አዛውንት መጥተው የጨው መለኪያውን ውኃው ውስጥ ከተቱና አዩት። «ልጄ፣ የሚተነው እኮ ውኃው ነው። ጨው አይተንም» አሉት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ስልሳ ሊትር፣ በሊትር 35 ግራም፣ በድምሩ 2,100 ግራም ጨው። በአሥር ቀን ስድስት ሊትር ተነነ እንበል። ጨዉ ሁሉ እዚያው ነው። በስድስት ሊትር ጨዋማ ውኃ ስትሞላው 210 ግራም ትጨምራለህ፤ በሊትር 38.5 ግራም ሆነ። አሥር ቀን ደግመህ እንዲሁ ብታደርግ 42 ደረሰ። ማንም መርዝ አልጨመረም። የጨመረው የሚመስለውን ነገር ነው። መጨመር የነበረበት ግን በየቀኑ አንድ ሁለት ብርጭቆ የተጣራ፣ ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነበር።

ቤቴ ስገባ ይህ ቃል አልለቀቀኝም። ጨው አይተንም።

እኛ የመቀሌ ልጆች ጨውን ከማንም በላይ እናውቃለን። አባቶቻችን በግመል አርሖ እየወረዱ በበራህሌ በኩል ወደዚህ ከተማ ያመጡት የነበረው የደናክል ጨው፣ በሀገሪቱ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ዓሞሌ፣ ከየት መጣ? ዳሎልና አካባቢው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ መሬት ነው። በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ውኃ ይገባበት ነበር። ዛሬም በዚያ በረሃ ዳርቻ ከ100,000 ዓመት በላይ የቆየ ደረቅ የኮራል ሪፍ ከነቅርጹ ቆሞ ይታያል። ባሕሩ በሕይወት የተሞላ ነበር። ከዚያ ከትልቁ ባሕር ጋር የሚያገናኘው በር ተዘጋ። ፀሐይዋ አልተቋረጠችም፤ ውኃው ተነነ፤ ጨዉ ቀረ። ኮራሉም ሞተ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሁለቱን አስተያያቸው። አንዱ ሀገር የሚያህል ባሕር ነበር፤ ንጹሕ ውኃ የሚጨምርለት አጥቶ የጨው ሜዳ ሆነ። ሌላው ስልሳ ሊትር ብቻ ነው፤ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ስለሚጨመርለት ግን በሕይወት ይኖራል። ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ያስተማሩን ለዚህ ነው። ልብን የሚያኖራት ስፋቷ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ምን እንደሚጨመርባት ነው።

አሁን ስለ ሰው ልናገር አልፈልግም፤ ስለ ራሴ ልናገር።

ታስታውሳላችሁ፣ ከሰኔ 2013 ጀምሮ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ የከረምንበትን ጊዜ። በዚያ ወቅት ውጭ ያለ ዘመዳችን ለእናቴ መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ላከ። ገንዘቡ የመጣው በአንድ ወዳጄ እጅ ነው። ከልጅነታችን አንስቶ አንድ መድረሳ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ የቀራን ሰው ነው። እጄ ሲደርስ ግማሹ አልነበረም። «ኮሚሽን ነው» አለኝ። ጊዜው ብዙ ሰው እንደዚያ የሆነበት ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ከእሱ አልጠበቅኩም።

እናቴ አልሐምዱሊላህ ዛሬም በሕይወት አለች። እሷ ያኔውኑ አውፍ ብላዋለች። እኔ ግን ይኸው ዓመታት አለፉ፣ አንድ ሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆሜ እየሰገድኩ፣ ሰላምታዬ ከከንፈሬ አያልፍም ነበር። አንድ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፍ እንደማይፈቀድለት የሚናገረውን ሐዲሥ ለእናንተ አስተምሬያለሁ። አስተምሬ ስጨርስ እሱን አልፌው እወጣለሁ።

ለምን አልበረደልኝም? መልሱን ያገኘሁት ከዚያ አኳሪየም ነው። ጊዜ ቁስልን ይሽራል እንላለን። ጊዜ ግን ብቻውን የሚያደርገው ውኃውን ማትነን ነው። አብረን የሳቅንበት ቀን፣ ታምሜ የተሸከመኝ ሌሊት፣ ለኢድ የተለዋወጥነው፣ ይህ ሁሉ ቀስ እያለ ተነነ። የቀረው ጨዉ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የጎደለውን የምሞላው በሌላ ጨው ነበር። ታሪኩን ለአንድ ሰው በነገርኩ ቁጥር እጨምራለሁ። ማታ ስልኬን ከፍቼ የተናደዱ ሰዎች የጻፉትን ባነበብኩ ቁጥር እጨምራለሁ። ከውጭ ሲያዩኝ ገንዳው ሙሉ ነው፤ መስታወቱም የጠራ ነው። ኡስታዝ ነኝ። ውስጡ ያሉት ግን ተኮማትረዋል።

ንጹሑ ውኃ ምንድን ነው? አላህ በሱረቱ ፉሲለት ክፉን በተሻለው ነገር እንድንመልስ፣ ያኔ ጠላት የነበረው እንደ ቅርብ ወዳጅ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል፤ ይህንንም የሚታደሉት ታጋሾች መሆናቸውን ያክላል። ንጹሑ ውኃ ለዚያ ሰው በሌለበት የሚደረግ ዱዓእ ነው። ከልብ የሆነ አንድ ሰላምታ ነው። ኢስቲግፋር ነው። ስሙ ሲነሳ ዝም ማለት ነው። ከዚህ በፊት የሠራልህን በጎ ነገር ሆን ብለህ ማስታወስም ነው።

ከዚህ ከተማ በስተሰሜን፣ ውቅሮን አልፎ ነጃሺ አለ። በ615 እ.ኤ.አ. ሶሐቦች ያንን የኮራል ባሕር በጀልባ ተሻግረው ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ከመካ ሰዎች ግፍ ሸሽተው ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መካን ድል አድርገው ሲገቡ እነዚያኑ ሰዎች በምሕረት አለፏቸው። ጨው አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። በላዩ የሚጨምሩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ልጁን «ታዲያ ንጹሕ ውኃ መጨመር ብቻ በቂ ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አይ ኡስታዝ» አለኝ። ከዓሦቹ ጽዳጅና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ ይወጣል። የማይታዩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ግን ይጠራቀማል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛውን ያህል ቀድቶ ማውጣትና በአዲስ የባሕር ውኃ መተካት ያስፈልጋል። ሽፋን አይጠቅምም፤ መውጣት ያለበት መውጣት አለበት።

ሐቅም እንዲሁ ነው። ይቅር ማለት የተበላውን አልተበላም ማለት አይደለም። የተወሰደብህን በሥርዓት መጠየቅ ሐራም አይደለም። የሰው ሐቅ ያለበትም «አውፍ ተባባልን» ብሎ ብቻ አያመልጥም፤ ይመልስ። ቤቱን፣ ወንድሙን፣ አባቱን ላጣ ሰው ዛሬውኑ ርሳው አልልም። እንዲህ የሚል ሰው የጨው መለኪያውን አልተመለከተም። ደግሞም ሽማግሌው ያንን ገንዳ ያስተካከሉት በአንድ ቀን አይደለም። ንጹሕ ውኃ በአንዴ ቢያፈሱበት ለውጡ ራሱ የተረፉትን ይገድል ነበር። ጥቂት ጨዋማ ውኃ ያወጣሉ፣ ጥቂት ንጹሕ ይጨምራሉ፤ ብዙ ቀን ፈጀባቸው።

በሰኞና በሐሙስ የጀነት በሮች እንደሚከፈቱ፣ በአላህ ላይ ላላጋራ ሁሉ ምሕረት እንደሚደረግ፣ በመካከላቸው ቂም ያለባቸው ሁለት ሰዎች ግን እስኪታረቁ እንደሚቆዩ በሐዲሥ ተነግሮናል። ትናንት ሐሙስ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ወዳጄ ቤት ሄድኩ።

በሩን ሲከፍት ደነገጠ። ቡና ተፈላ። ለረጅም ጊዜ ስለ ልጆቹ ብቻ አወራን። ከዚያ ስለ ገንዘቡ ነገርኩት፤ ድምፄን ሳላነሳ፣ ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደደረሰኝ፣ ያን ሰሞን እናቴ እንዴት እንደነበረች። ከፊሉን አመነ፣ ከፊሉን አላመነም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እመልሳለሁ አለ። ይመልስ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ጨዉ ሁሉ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬ ሱብሕ ላይ ግን አጠገቤ ሲቆም «አሰላሙ ዐለይኩም» ያልኩት ከልቤ ነው።

የዛሬውን ሱረቱል ከህፍ ስትቀሩ ነቢዩ ሙሳና ወጣቱ ተከታያቸው የሁለቱን ባሕሮች መገናኛ ሲፈልጉ፣ ዓሣቸውም መንገዱን ይዞ ወደ ባሕር ሲገባ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ስትደርሱ ትንሽ ቆሙ፤ የራሳችሁንም ገንዳ እዩ። ባለፈው ዓመት ምን ተነነ? በምንስ ሞላችሁት? ከዚያ ዛሬ ከመግሪብ በፊት ለአንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ጨምሩ። አንድ ስልክ፣ አንድ ሰላምታ፣ ወይም እሱ የማይሰማው አንድ ዱዓእ ይሁን። ነገ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ።

አላህ ሆይ፣ ልቦቻችንን የጨው ሜዳ አታድርግብን። የተበደሉትን ካሳቸው፣ የበደልነውን እንድንመልስ ድፍረቱን ስጠን። ከእኛ በፊት በኢማን ለቀደሙን ማረን፤ በልባችንም ለአማኞች ቂም አታኑርብን። አሚን።

በነቢዩ ላይ ሶለዋት ማብዛቱን አትርሱ።